በፖስታ ቤት መዝገብ የጠፋ መንደር ማግኘት ይቻላል?

ሰሎሜ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ከሪችመንድ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ነው። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ጫካው መሃል አሮጌ መቃብር አለ፣ ድንጋዮቹ ወዳድቀዋል፣ ስም የሚነበብባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ እዚህ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች መንደር ነበር፣ የራሱ ፖስታ ቤት ሳይቀር ነበረው አሉኝ። ጉግል ማፕ ላይ ምንም የለም። መሬቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። እነዚያ ሰዎች ማን እንደነበሩ ሳይታወቅ እንዲቀር አልፈልግም፣ ከየት ልጀምር?

መዝገብ ወዳድ፦
ፖስታ ቤት ከነበረው ብዙ ነገር ቀሎልሻል። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ሁለት ነገር አለ፣ ሁለቱም በነፃ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አንዱ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች የሹመት መዝገብ ነው፣ ከ1832 እስከ 1971። በስቴትና በካውንቲ (በስቴቱ ውስጥ ባለ አውራጃ) ተደርድሯል። ቢሮው መቼ ተከፈተ፣ ማን ተሾመ፣ መቼ ተዘጋ፣ ሲዘጋ ደብዳቤው ወደ የትኛው ቢሮ ተዛወረ፣ ሁሉንም ይነግርሻል።
እኔ የምወደው ግን ሁለተኛውን ነው፣ ከ1837 እስከ 1950 ያለውን የቦታ ሪፖርት። ከዋሽንግተን ፎርም ይላካል፣ ኃላፊው በእጁ ይሞላዋል፦ ቅርብ ያለው ወንዝ ማን ይባላል፣ ቢሮው ከወንዙ በየት በኩል ስንት ማይል ይርቃል፣ የባቡር ጣቢያስ? አንዳንዱ ላይ በቀለም የተሳለች ካርታ ታገኛለሽ፣ ወንዙ፣ መንገዱ፣ ጎረቤት ቢሮዎቹ ሁሉ ያሉባት። ከዚያ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይን (የአገሪቱን የመሬት ካርታ የሚያወጣውን መሥሪያ ቤት) የድሮ ካርታዎች ከጎን አድርገሽ አስተያዪ።

ሰሎሜ ቨርጂኒያ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የሹመቱን መዝገብ አየሁት፣ ሴትዮዋ የነገሩኝ ስም ግን የለም።

ቤዛ፦
አይዞሽ፣ ይሄ የተለመደ ነው። በአንድ ስቴት ውስጥ ሁለት ፖስታ ቤት አንድ ስም እንዲይዝ ስለማይፈቀድ ሰዉ የሚጠራውና መዝገቡ ላይ ያለው ስም ሊለያይ ይችላል። በካውንቲው ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ እዪ። ደግሞ ቢሮው ብዙ ጊዜ የኃላፊው ሱቅ ወይም መኖሪያ ቤት ነበር፣ ኃላፊው ሲቀየር ስሙን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው ነጥብ የመንደሩ መሃል ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ።
የተዘጋበት ዓመት 1900ዎቹ መጀመሪያ ከሆነም ሰዉ ያኔ ለቆ ሄደ ማለት አይደለም። በ1896 ለገጠር ሰው ደብዳቤ እቤቱ ድረስ ማድረስ በሙከራ ተጀመረ፣ በ1902 ቋሚ ሆነ። በ1901 በአገሪቱ ወደ 77,000 የሚጠጉ ፖስታ ቤቶች ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ በሺዎች ተዘጉ።

አበበ ዲሲ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የተሾመው ሰው ነጭ ባለሱቅ ሊሆን ይችላል፣ የመንደሩን ሰዎች ስም እዚያ ላታገኚ ትችያለሽ። ለእሱ የ1870ውን የሕዝብ ቆጠራ ክፈቺ። ነፃ የወጡት ሰዎች በሙሉ በየስማቸው የተጻፉበት የመጀመሪያው ቆጠራ እሱ ነው፣ በየገጹ አናት ላይ ደግሞ የፖስታ ቤቱን ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። ከዚያ ወደ 1880 እለፊ። የ1890ው በ1921 ቃጠሎ ከሞላ ጎደል ስለጠፋ ቀጥታ ወደ 1900 ዝለዪ። መቃብሩ ላይ የተነበቡትን ስሞች ይዘሽ ነው የምትፈልጊው።
መቃብሩን ግን መዝገብ እስክትጨርሺ አታቆዪው። ድንጋዮቹን ፎቶ አንሺ፣ ቦታውን በጂፒኤስ ያዢ፣ ለቨርጂኒያ የታሪካዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት አሁኑኑ አሳውቂ፣ የመቃብር ቦታ ይመዘግባሉ። ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ቢሆን ይሻላል።