አዋቂ ሰው ኖቶኮርድም ጅራትም ሳይኖረው ከኮርዴቶች የሚመደበው ለምንድን ነው?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በኮምቦልቻ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የኮርዴቶችን (ባለ አከርካሪዎችንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን የሚያቅፈውን የእንስሳት ክፍል) አራት መለያዎች፣ ማለትም በጀርባ በኩል ርዝመቱን ይዞ የሚሄደውን ኖቶኮርድ የተባለ ጠንካራ ግን ተጣጣፊ ዘንግ፣ ከእርሱ በላይ የሚያልፈውን ውስጡ ክፍት የሆነ የነርቭ ቱቦ፣ በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉትን ስንጥቆችና ከፊንጢጣ አልፎ የሚቀጥለውን ጅራት በሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ እኔ ኖቶኮርድ የለኝም፣ ጉሮሮዬ አልተሰነጠቀም፣ ጅራትም የለኝም። ከአራቱ ያለኝ አንዱ ብቻ ከሆነ ኮርዴት የተባልኩት እንዴት ነው?»

መለያዎቹ በሽልነት ጊዜ እንደሚታዩ ነገርኳት። እርሷ ግን አዋቂው አካል እያለ ሽሉ የሚቆጠርበትን ምክንያት ማወቅ ፈለገች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ የተሟላ መልስ ልሰጣት እሻለሁ። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የራሴም ጥያቄ አለኝ። ቱኒኬት የሚባለው የባሕር እንስሳ ዐይንም ራስም ሳይኖረው፣ ከዐለት ተጣብቆ እየኖረ ለእኛ የቅርብ ዘመድ ነው ይባላል፤ ዐይኑ የእኛን የሚመስለውና ብልህ የሆነው ኦክቶፐስ ግን ሩቅ ነው። ይህ የተወሰነው በምን መለኪያ ነው?

የጦሳ ሥር (ደሴ)

መምህር፣ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ትምህርት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። መልሱ የሚጀምረው ምደባው የሚከተለው የዘር ሐረግን መሆኑን ከመረዳት ነው። በአገራችን ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የሚከተለው የትውልዱን መስመር እንጂ የመልክ መመሳሰልን እንዳልሆነ ሁሉ፣ የእንስሳት ምደባም የሚጠይቀው «ከማን ተወለደ?» ብሎ ነው። አንድ መለያ ዋጋ የሚኖረው የጋራ አባትን ስለሚጠቁም ነውና፣ በሕይወት ዘመን በየትኛውም ደረጃ ቢታይ ምስክርነቱ አይቀንስም። እንዲያውም አዋቂው አካል ለመብላት፣ ለመሮጥና ለመብረር ሲባል እጅግ ስለሚለዋወጥ፣ በብዙ እንስሳት ዘንድ የሽሉ ወይም የእጩ (ከእንቁላል ወጥቶ ገና የአዋቂውን መልክ ያልያዘው እንስሳ) ምስክርነት የበለጠ ግልጽ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እርስዎ የጠቀሱት ቱኒኬት ራሱ ነው። ይህ እንስሳ በአንድ ቀዳዳ የባሕር ውሃ ስቦ፣ ምግቡን አጥልሎ፣ ውሃውን በሌላ ቀዳዳ የሚያስወጣ፣ ሽፋኑም ሴሉሎስ ያለበት ፍጥረት ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ከቀንድ አውጣ ወገኖች ጋር ይመደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ግን ሩሲያዊው የሽል ተመራማሪ አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ እጩን በማይክሮስኮፕ ሲከታተል፣ ከእንቁራሪት እጭ ጋር የሚመሳሰል፣ በጅራቱ ውስጥ ኖቶኮርድ ያለው፣ ከኖቶኮርዱም በላይ የነርቭ ቱቦ የተዘረጋለት ትንሽ ዋናተኛ አገኘ። በሚገባ በተጠናው ቺዮና በሚባለው ቱኒኬት ኖቶኮርዱ የሚሠራው ከ40 ሴሎች ብቻ ነው። እጩ ምግብ ሳይበላ ለአጭር ጊዜ ዋኝቶ፣ በፊቱ በኩል ከዐለት ላይ ይጣበቅና ጅራቱን፣ ኖቶኮርዱንና አብዛኛውን የነርቭ ቱቦውን መልሶ ያፈርሳቸዋል። ለአዋቂው የሚቀረው በብዙ ስንጥቆች የተበሳ ሰፊ ጉሮሮ ነው።

ተማሪዎ እዚህ ላይ ቢያስተውሉልኝ የምወደው ነገር አለ። ሰው ሲያድግ የነርቭ ቱቦውን ይዞ የጉሮሮውን ስንጥቅ ይተዋል፤ ቱኒኬት ሲያድግ የጉሮሮውን ስንጥቅ ይዞ የነርቭ ቱቦውን ይተዋል። ሁለቱን አዋቂዎች ብቻ ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድም የጋራ ነገር አያገኝባቸውም፤ ሁለቱን በጅምራቸው ያየ ግን አራቱንም መለያዎች ያገኛል። አራቱን ይዞ ዕድሜውን የሚጨርስ እንስሳም አለ፤ እርሱም አምፊዮክሰስ ሲሆን፣ ርዝመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር አሸዋ ውስጥ ራሱን ቀብሮ የሚኖር፣ የራስ ቅልም መንጋጋም አጥንትም የሌለው ፍጥረት ነው። ከመልኩ በመነሳት ለባለ አከርካሪዎች ቅርቡ እርሱ እንደሆነ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሰፊ የጂን ንጽጽር ግን ቱኒኬት ይበልጥ እንደሚቀርበን አሳየ።

ኦክቶፐስን በተመለከተ ዐይኑ ከእኛ ዐይን ጋር የሚመሳሰለው ሥራው አንድ ስለሆነ እንጂ አሠራሩ አንድ ስለሆነ አይደለም። የእኛ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዐይን የውስጥ ሽፋን) ከአንጎል ወጥቶ የሚያድግ በመሆኑ የነርቭ ክሮቹ ከብርሃን ተቀባዮቹ ፊት ያልፋሉ፤ የኦክቶፐስ ሬቲና ግን ከቆዳ ተነስቶ ስለሚሠራ ክሮቹ ከኋላ ይወጣሉ። ስለዚህ የዐይኖቹ መመሳሰል የቅርብ ዝምድናን አይመሰክርም።

ሐኪም ነኝ (ደሴ)

በቀደመው መልስ ላይ ከሕክምናው በኩል ልጨምርበት። ተማሪዋ «የለኝም» ያለቻቸው ነገሮች አብዛኞቹ ቅርጻቸውን ለውጠው በአካሏ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንዱን ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረደች ቁጥር ትሰማዋለች። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደሴ ተነስቶ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ወደሚገኘው የኮምቦልቻ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ርቀቱ አጭር ስለሆነ፣ የውጭው የአየር ግፊት በፍጥነት ይጨምርና ጆሮ ይደፈናል። ተሳፋሪው ምራቁን ሲውጥ «ጧ» ብሎ የሚከፈተው፣ የመካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ዩስታኪያን ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በሽሉ ጉሮሮ ጎን ከሚወጡት ኪሶች የመጀመሪያው ነው። ከውጭ በትይዩ የገባው ጎድጓዳ መስመር የጆሮ ቀዳዳ ይሆናል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ስስ ግድግዳም የጆሮ ታምቡርን ይሠራል። በአምፊዮክሰስና በዓሣ ይህ ግድግዳ ተቀዶ ስንጥቅ ሲሆን በእኛ ግን ሳይቀደድ ይቀራል።

ቀጣዮቹ ኪሶችም ሥራ አላቸው፤ ለምሳሌ ሦስተኛው የታይመስ ዕጢንና ካልሲየምን ከሚቆጣጠሩት ትናንሽ ዕጢዎች ሁለቱን ያስገኛል። ከውጭ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች በሚገባ ሳይዘጉ ከቀሩ ደግሞ በአንገት ጎን ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ወይም የሚያዥ ቀዳዳ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ይኖራል፤ ሕክምናውም ቀዶ ጥገና ነው።

በደጋው የአገራችን ክፍል ሁሉም ሰው የሚያውቀው እንቅርትም ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል። አምፊዮክሰስና ቱኒኬት በጉሮሯቸው ወለል ላይ ምግብ የሚያጠምድ ዝልግልግ ነገር የሚያመነጭና አዮዲን የሚሰበስብ ኤንዶስታይል የሚባል ቦይ አላቸው። ላምፕሬይ የተባለው መንጋጋ የለሽ ዓሣ በእጭነቱ ይኸው ቦይ ይኖረውና ሲያድግ ወደ ታይሮይድ ዕጢ ይለወጥበታል። የእኛም ታይሮይድ ከጉሮሮ ወለል ተነስቶ ወደ አንገት የሚወርድ ዕጢ ሲሆን፣ ዛሬም ሥራው አዮዲን መሰብሰብ ነው፤ አዮዲን ያጣ እንደሆነም ያብጣል። ስለዚህ ብዙዎች ይህን አምስተኛው የኮርዴት መለያ አድርገው ይቆጥሩታል፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ኖቶኮርዱ በሰው ሽል በሦስተኛው ሳምንት ይሠራል፤ በኋላም አከርካሪ አጥንቶች ሲከቡት በአጥንቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍል የዲስኩን ዝልግልግ እምብርት ያስገኛል። ከባድ ሸክም አንስተው «ዲስክ ተንሸራተተብኝ» ብለው የሚመጡ ሰዎች የሚሠቃዩት ይኸው እምብርት ከስፍራው ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ነው። ጅራቱ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት በግልጽ ይታይና እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይጠፋል፤ የሚቀረውም በስተመጨረሻ ያሉት የተጣበቁ ትናንሽ የጭራ አጥንቶች ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። በአንዳንድ የቆዩ ጽሑፎች የሰው ሽል በመጀመሪያ ዓሣ፣ ቀጥሎ እንሽላሊት ይሆናል የሚል አባባል አለ፤ ይህ የኤርንስት ሄክል አስተሳሰብ ሲሆን በሳይንስ ዘንድ ተቀባይነት አጥቷል። የሰው ሽል በየትኛውም ጊዜ የሚተነፍስበት ስንጥብ የለውም። የሚጋራው ዓሣው ስንጥቡን የሚሠራበትን መነሻ ነው፤ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ከሄክል ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1828 የጻፈውም ወደዚህ ይጠጋል፤ ሽሎች በጅምራቸው ይመሳሰላሉ፣ እያደጉ ሲሄዱ ይለያያሉ።

የከብት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ለተማሪዎች በዐይን የሚታይ ነገር ከፈለጉ ሥጋ ቤት ይበቃል። በግ ተገፎ አከርካሪው በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ቅደም ተከተሉን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ከላይ በጀርባ በኩል በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የሚያልፈው ነጭ ኅብለ ሰረሰር፣ ከእርሱ በታች የአከርካሪው ወፍራም አካልና በየመካከሉ ያሉት ዲስኮች፣ ቀጥሎ ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ከዚያም ሆድ ዕቃው ይገኛል። ፌንጣን በጥንቃቄ ከከፈቱ ግን የተገለበጠ ሆኖ ያገኙታል፤ ልቡ በጀርባ፣ ሆድ ዕቃው በመካከል፣ የነርቭ ገመዱ ደግሞ በሆድ በኩል ነው። ፈረንሳዊው ኤትየን ዦፍሯ ሴንት-ኢሌር እ.ኤ.አ. በ1822 ባለ አከርካሪ እንስሳ በጀርባው የተገለበጠ ነፍሳት መሳይ ነው ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ግን በእንቁራሪት ሽል የጀርባን ወገን የሚወስነው ኮርዲን የተባለ ጂን፣ በነፍሳት ውስጥ አቻው የሆድን ወገን እንደሚወስን ታወቀ። እኔ በግሌ ከኮርዴቶች መለያዎች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ የነርቭ ቱቦው በጀርባ መሆኑ ነው።

የጉሮሮውን ስንጥቅ ለማሳየት ደግሞ ከሐይቅ የሚመጣ ቆሮሶ ዓሣ ይግዙና የስንጥቡን ክዳን ያንሱላቸው፤ በእያንዳንዱ ጎን አራት ቀይ የስንጥብ ቅስቶችና በመካከላቸው ውሃ የሚወጣባቸው ክፍተቶች ይታያሉ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመልሶቻችሁ የተነሳ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ላምፕሬይ ሙሉ አከርካሪ ከሌለው ከባለ አከርካሪዎች የሚቆጠረው በምንድን ነው? ከአጥንት፣ ከራስ ቅልና ከመንጋጋስ የቀደመው የትኛው ነው? የዶሮ ሽል በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ላምፕሬይ ኖቶኮርዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ ይኖራል፤ ከነርቭ ቱቦው ጎን ያሉት ትናንሽ የለስላሳ አጥንት ቁርጥራጮች የአከርካሪ ጅምር ናቸው። ከባለ አከርካሪዎች ጋር በጽኑ የሚያገናኘው ግን አንጎሉን የያዘው የራስ ቅል ነው። የራስ ቅልን ያስቻለው ደግሞ የነርቭ ቱቦው ሲዘጋ ከጠርዞቹ ተላቀው ወደ መላ አካል የሚሰደዱ፣ ኒውራል ክረስት የሚባሉ ሴሎች መገኘት ነው። የፊት አጥንት፣ የጥርስ ዴንቲን፣ የቆዳ ቀለም ሴሎችና ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ ብዙ ነርቮች የሚገኙት ከእነርሱ ነው። ባለ አከርካሪን ከአምፊዮክሰስ የሚለየው ዋነኛ ነገር ምንድን ነው ብባል፣ አከርካሪውን ሳይሆን እነዚህን ሴሎች አስቀድማለሁ። በጂን በኩልም ልዩነቱ ይታያል፤ የአካልን ቅደም ተከተል የሚወስኑት ሆክስ ጂኖች በአምፊዮክሰስ አንድ ስብስብ ብቻ ሲሆኑ በሰው አራት ናቸው፤ ይህም ጠቅላላው የዘር ቅጂ በጥንት ጊዜ ደጋግሞ መባዛቱን ያመለክታል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ በካናዳ በርጀስ ሼል በተባለ የዐለት ክምችት የተገኘውና ዕድሜው ወደ 508 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው ፒካያ የተባለ ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1911 በቻርልስ ዎልኮት ሲገለጽ ትል ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ከኮርዴቶች ወገን መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በቻይና ዩናን ግዛት፣ ቼንግጂያንግ አካባቢ የተገኙት ሃይኩይክቲስና ሚሎኩንሚንጂያ ይፋ ሆኑ፤ ዕድሜያቸው ወደ 518 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ርዝመታቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ራስ ያላቸው፣ መንጋጋና አጥንት ግን የሌላቸው ዓሦች ናቸው። ስለዚህ የራስ ቅል ይቀድማል፤ አጥንት መጀመሪያ መንጋጋ በሌላቸው ጥንታዊ ዓሦች ላይ እንደ ጥሩር ሆኖ በቆዳ በኩል ይታያል፤ መንጋጋ ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው የጉሮሮ ቅስት ይመጣል። ሐኪሟ ያነሡት ጆሮም እዚህ ይገባል፤ ካርል ራይኸርት እ.ኤ.አ. በ1837 እንዳሳየው፣ በእኛ መካከለኛ ጆሮ ካሉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ሁለቱ በእንሽላሊቶች ዘንድ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከሆኑት አጥንቶች ጋር አንድ ናቸው።

የከብት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

የዶሮውን ሽል ማሳየት ይቻላል። እንቁላሉ ግን አውራ ዶሮ ካለበት ቤት መምጣት አለበት፤ ለገበያ እንቁላል ብቻ ከሚያመርት እርባታ የሚመጣው በአብዛኛው ያልዳበረ ነው። በታቀፈች ዶሮ ሥር ወይም በ37.5 ዲግሪ ሙቀት ለ72 ሰዓት ካቆዩት በኋላ፣ ሽሉ ወደ ላይ እንዲወጣ እንቁላሉን በጎኑ ለጥቂት ደቂቃ አስተኝተው፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ በተሞላ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይክፈቱት። በአስኳሉ ላይ የተሰራጩትን የደም ሥሮችና የሚመታውን ልብ ያለ መሣሪያ ያያሉ። በእጅ ሌንስ ሲያዩት ከነርቭ ቱቦው ግራና ቀኝ የተሰለፉ፣ ሶማይት የሚባሉ ጥንድ ጥንድ እብጠቶች ይታያሉ፤ አከርካሪው፣ የጎድን አጥንቱና የጀርባው ጡንቻ የሚሠሩት ከእነርሱ ነው። የጉሮሮው ቅስቶች ከጭንቅላቱ ሥር ናቸው። ጅራቱንና የእጅና የእግሩን ጅምር ለይቶ ለማሳየት ግን አራተኛው ቀን ስለሚሻል፣ ከተቻለ ሁለት እንቁላል በአንድ ቀን ልዩነት ያስቀምጡ።