«የብራዚል ለውዝ»፦ ለውዝ፣ ፍሬ ወይስ ዘር?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ አማዞን ደን የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬያለሁ። ስለ ብራዚል ለውዝ ዛፍ ሲያወራ «ስሙ ነው እንጂ ለውዝ አይደለም፤ ዘር ነው» ይላል። እንዳለ ባሰፍረው አንባቢው «ታዲያ ለውዝ ራሱ ዘር አይደል እንዴ?» ብሎ ያፋጥጠኛል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ፍሬው እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል» የሚል አለ። ፍሬው የቱ ነው? የሚበላው ነው ወይስ የሚበላውን የያዘው? እስቲ አንድ በሉኝ።

ሰዋስው፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። «ለውዝ» ከዐረብኛው ጋር የሚጋራው ስም ነው፤ እዚያ የሚያመለክተው አልመንድን ነው። ኤርምያስ በራእይ ያየው የለውዝ በትርም ያው አልመንድ ነው። ዛሬ ግን ለውዝ ሲባል ለብዙው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኦቾሎኒ ነው፤ እሱ ደግሞ ከባቄላ ወገን ነው። በዕፅዋት ሳይንስ «ነት» የሚባለው ግድግዳው የጠነከረ፣ ሲበስል በራሱ የማይከፈት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘር ብቻ የያዘ ደረቅ ፍሬ ነው። በዚህ ከሄድን አልመንዱም ኦቾሎኒውም ወድቀዋል! ስለዚህ የጽሑፉ «አይደለም» ይህን ፍቺ እንጂ የኛን «ለውዝ» አይነካም።

የባሰው «ፍሬ» ነው። «ዛፉ አፈራ» ስንል ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ ነው። «ፍሬ ነገር» ስንል ግን ገለባው ተጥሎ የቀረውን፣ የውስጡን ነው። «ፍሬ ከርስኪ» ብለን ወሬውን እናጣጥላለን። መቁጠሪያም ነው፦ «ሁለት ፍሬ ብርቱካን»። «አንድ ፍሬ ልጅ» ስንልማ ገና ለጋ መሆኑን መናገራችን ነው። አማርኛ ያዡንና የተያዘውን በአንድ ቃል ሲጠራ ኖሯል፤ አንተ አሁን ለይ ተብለህ ተያዝክ።

ደነኛው፦
ከስሙ በፊት ዕቃውን እንየው። ዛፉ እስከ 50 ሜትር ይመዘዛል፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቅርንጫፉን የሚዘረጋው ከሌሎቹ ዛፎች አናት በላይ ነው። አበባ ይዞ ፍሬው እስኪበስል 14 ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የዘንድሮው አበባ ሲፈካ የአምናው ፍሬ ገና አልወረደም። የሚወርደው እንጨት የመሰለ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ስፋቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ያልከው 2 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ከፍታ አናት ላይ ቢያርፍ ሰው ይገድላል።

በገጀራ ተፈልጦ ሲከፈት ከ10 እስከ 25 የሚሆኑ ባለ ሦስት ጎን ዘሮች እንደ ብርቱካን ክፋይ ተጠጋግተው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ዘር ደግሞ የራሱን ጠንካራ ቅርፊት ለብሷል። እኔን የሚገርመኝ ክዳኑ ነው፦ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ወደ ውጭ አትከፈትም፣ ወደ ውስጥ ትገባለች። ቀዳዳዋም ከዘሮቹ ስለምትጠብ አንዱም አይወጣም። ሳይንሱ «ነት አይደለም» የሚለው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ፍሬው ባለ ክዳን ዕቃ ነው፣ ዘሩም ብዙ ነው። ያንን ግድግዳ በጥርሱ ፈልፍሎ የሚከፍተው አጉቲ የሚባል ከአይጥ ወገን የሆነ እንስሳ ነው። የጠገበውን በልቶ የተረፈውን በየቦታው ይቀብራል፤ ረስቶት የቀረው ይበቅላል።

አበባውም ያው ጠባይ አለው። መሐሉን ጠምዛዛ ቆብ ደፍቶበታል፤ ቆቡን ቀና አድርጎ የሚገባ ጉልበት ያለው ትልልቅ ንብ ብቻ ነው። ደኑ ተመንጥሮ ዛፉ ብቻውን ሲቀርና ንቦቹ ሲጠፉ፣ ዛፉ ቢቆምም ፍሬው ይመናመናል።

ቅኔ ወዳድ፦
እንግዲያስ ድቡልቡሉን «ቅል» በሉት! ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ዘር አለ፣ «የራስ ቅል» እንላለን አይደል?

ሰዋስው፦
ሐሳቡ ያምራል፤ ግን አንባቢ ቅል ሲባል ሐረጉን ነው የሚያስበው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል የኖረው፣ ሁለቱ በአንድ ማሳ እየተሳቡ እንኳ እንዳይምታቱ ነው። የ50 ሜትር ዛፍ ላይ ቅል ብንሰቅልማ!

ደነኛው፦
በነገራችን ላይ በስም መቸገር የኛ ብቻ አይደለም። ብራዚሎች «ካስታኛ» ብለው በሌላ ዛፍ ስም ይጠሩታል። የዚያኛው ፍሬ እሾሃም ልባስ ስላለው፣ የዚህንም ድቡልቡል «ኦሪሶ»፣ ማለትም ጃርት፣ ይሉታል፤ እሾህ የሚባል ግን የለውም። ለዓለም ገበያ በብዛት የምታቀርበው ቦሊቪያ ደግሞ «አልሜንድራ» ትለዋለች፣ አልመንድ ማለት ነው። «ለውዝ» ማለታችን እንግዲህ ከባለቤቶቹ ብዙም አልራቀም። እኔን የሚከነክነኝስ «የብራዚል» የሚለው ነው፤ ዛፉ በፔሩም፣ በኮሎምቢያም፣ በቬንዙዌላም ይበቅላል።

ተርጓሚው፦
እግዜር ይስጣችሁ። ስሙን እንደለመደ ትቼ እንዲህ ላደርገው አሰብኩ፦ «የብራዚል ለውዝ የምንለው የዛፉ ፍሬ ሳይሆን በፍሬው ውስጥ የታጨቀው ዘር ነው። እንጨት የመሰለው ፍሬ እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ በአንዱም ከ10 እስከ 25 ፍሬ ይገኛል።» ያስኬዳል?

ሰዋስው፦
የመጨረሻዋን «ፍሬ» «ዘር» በላት። መቁጠሪያዋ ሾልካ ገብታብሃለች።