የጋራ ላፕቶፖቻችንን በታብሌት እንተካ? የግዢ ሐሳብ ረቂቅ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ውድ አባላት፣ የማኅበራችን የጋራ ላፕቶፖች አርጅተዋል። ብዙዎቻችሁ «በታብሌት እንተካቸው» ብላችኋል። ለጉባኤ የምናቀርበው መነሻ ረቂቅ ይኸውላችሁ፦ «ላፕቶፖቹ በሙሉ ኪቦርድና ብዕር ባላቸው ታብሌቶች ይተኩ።» የማይስማማችሁን አርሙ፤ ምክንያቱንም ጻፉልን።

ከንድፍ ቡድን፦
እኔ እደግፋለሁ። ለሥዕል ታብሌትን የሚያህል የለም። እጄ ባለበት መስመሩ ይወጣል። ብዕሩን ጫን ሳደርገው ይወፍራል፣ ሳዘነብለው ጥላ ይጥልልኛል። የንድፍ ፕሮግራሞቹ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢላስትሬተር በ2020 የአፕል ታብሌት በሆነው አይፓድ ላይ መጥተዋል። ፕሮክሬት ደግሞ ብቻውን ሥዕል ከንድፍ እስከ ቀለም ያስጨርሳል።

ከፕሮግራም ቡድን፦
እህቴ፣ ለአንቺ ሥራ ልክ ነሽ። ለእኛ ግን አይሆንም። ችግሩ የጉልበት አይደለም። አይፓድ ፕሮ በ2021 የአፕል ላፕቶፕ በሆነው ማክቡክ ውስጥ የነበረውን ኤም 1 ቺፕ አግኝቷል። እጃችንን የሚያስረው ሲስተሙ ነው። የአፕል አፕ መሥሪያ ፕሮግራም ኤክስኮድ አይፓድ ላይ የለም፤ ሰርቨርና ዳታቤዝ አስነስተን የምንሞክርበት ዶከርም የለም። ዳታቤዙን፣ ሰርቨሩንና ኮዱን ጎን ለጎን አስነስተን እንደ ላፕቶፕ መሞከር አንችልም። የአፕል ኮድ መለማመጃ ስዊፍት ፕሌይግራውንድስ ትንሽ አፕ ሠርቶ አፕ ስቶር ድረስ ለመላክ ይበቃል። የደንበኛ ሥራ ግን በዚያ አይወጣም።

ከድረ ገጽ ቡድን፦
በርቀት ብንሠራስ? ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ብራውዘር ላይ ይከፈታል። ኮዱ የሚሄደው ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር ነው፤ ታብሌቱ ማሳያ ብቻ ነው።

ከፕሮግራም ቡድን፦
ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ጥሩ ይሠራል። ሲቋረጥ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሰርቨሩም በየወሩ ይከፈልበታል። ይህን የምንመርጥ ከሆነ ወጪው ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ከቪዲዮ ቡድን፦
እኛ መሀል ላይ ነን። የቪዲዮ ማቀናበሪያዎቹ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በ2022 መጨረሻ፣ ፋይናል ከት በ2023 አይፓድ ላይ መጡ። ቀረጻ ቦታ ላይ ሆኖ ለመቁረጥ በጣም ደስ ይላሉ። ጭንቀቴ ሥራ መቀባበሉ ነው። በአይፓድ የተጀመረ የፋይናል ከት ፕሮጀክት ማክ ላይ ይከፈታል፤ ማክ ላይ የተሠራው ግን አይፓድ ላይ አይከፈትም። ለቡድን ሥራ ይህ ከባድ ነው። አንዱ ማክ ላይ ካስተካከለው በኋላ ባለ ታብሌቱ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል። ለማክ የገዛናቸው ፕለጊኖችም (የፕሮግራሙ ተጨማሪ ማሟያዎች) አብረው አይሻገሩም። በ2025 የወጣው የአይፓድ ሲስተም፣ አይፓድኦኤስ 26፣ መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር መደርደር ፈቅዷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የፕሮጀክቱን ጉዳይ ግን አልፈታልንም።

ገንዘብ ያዥ፦
ኪቦርዱን፣ ብዕሩንና ተጨማሪ ማከማቻውን ደምሩበት። ርካሽ የመሰለው ታብሌት ላፕቶፕ ዋጋ ላይ ይደርሳል። ደግሞ የማይክሮሶፍቱን ሰርፌስ ፕሮ ከአይፓድ ጋር አትቀላቅሉብኝ። ቅርጹ ታብሌት ቢሆንም ሙሉ ዊንዶውስ ስለሆነ በላፕቶፕ ተራ ይመዝገብ።

ከንድፍ ቡድን፦
እሺ፣ «በሙሉ» የሚለው ይውጣ። እኛም ብንሆን የገጽ ማሰናጃው ኢንዲዛይን አይፓድ ላይ ስለሌለ መጽሔት የምናሰናዳው በላፕቶፕ ነው። ግን አደራ፣ የሥዕል ታብሌቶቹ «ገንዘብ ከተረፈ» ተብለው መጨረሻ ላይ አይጻፉ። ለእኛ ዋና መሣሪያ ናቸው።

ሰብሳቢ፦
የታረመው ረቂቅ ይኸው፦ «ለሥዕልና ለንድፍ ታብሌት ከነብዕሩ በቅድሚያ ይገዛ። ለፕሮግራም፣ ለኅትመት ዝግጅትና ለቪዲዮ ማጠናቀቂያ ላፕቶፕ ይታደስ። ከግዢው በፊት እያንዳንዱ ቡድን አንድ እውነተኛ ሥራ ከመነሻው እስከ ርክክቡ በውሰት ታብሌት ይሞክር፤ ሥራው የት ላይ እንደቆመበትም ይጻፍ።»

ከድረ ገጽ ቡድን፦
አንድ ነገር ጨምሩበት። ከሙከራው የተወሰነው ሰዓት ያለ ኢንተርኔት ይሁን።

ሰብሳቢ፦
ገብቷል። ታብሌት ማዋስ የምትችሉ ከዚህ በታች ጻፉልኝ።