ከጎተንበርግ ሮም በመኪና፤ እማዬና ዘጠኝ ኪሎ ቅቤ

የጎተንበርጓ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና ያዙ።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ቪዛዋ የ60 ቀን ነው፤ የመግቢያ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 01 ተጽፏል። ታናሽ እህቷ ሮም ከገባች 34 ዓመቷ። በአካል ከተያዩ 19 ዓመት ሆናቸው። እማዬ ስዊድንን ልታይ እንዳልመጣች ከገባን ቆይቷል። አውሮፕላን እንቁረጥ ብለን የስድስት ሰው ዋጋ ስናይ ባለቤቴ ላፕቶፑን ከደነው። ትንሽ ቆየና «መኪና አለን አይደል?» አለ። አለን፤ ባለ ሰባት ወንበር። እማዬ፣ ሦስት ልጆች፣ እኔና እሱ። እማዬ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት እህቷ ቤት መድረስ ትፈልጋለች፤ «መንገድ ላይ ምን እየበላሁ ልጹም?» ትላለች። ከኦገስት 7 በፊት ማለት ነው።

አንደኛ፣ ድንበር በተሻገርን ቁጥር ያቺ 01 ትቃጠላለች ወይ? ሁለተኛ፣ በየት እንሂድ፣ የትስ ነው የሚከፈለው? ሦስተኛው ይከብደኛል። ሰባተኛው ወንበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጀርመን፣ ባየርን ክልል ካምፕ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳዩን ሲጠብቅ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ኮተቤ ሲማር እማዬ ቤት ነው የኖረው፤ ልጄ ነው የምትለው። «በደጄ ነው የምታልፉት፣ ወንበር አላችሁ፣ ይዛችሁኝ ሂዱ፣ አብረን እንመለሳለን» አለ። ባለቤቴ እሺ ብሎታል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ታክሲ ነጂው፣ ፍራንክፈርት፦
እህቴ፣ እዚህ ታክሲ ስነዳ 22 ዓመቴ ነው። ሮምም በመኪና አራት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ።

የእናትሽ ቪዛ አይቃጠልም። ሸንገን 29 አገር ነው፤ ለቪዛው ግን አንድ ግቢ ነው። 01 የተቆጠረችው በሩ ላይ ሲያስገቧቸው ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወሩ አይቆጠርባቸውም። ከግቢው ከወጡ ግን፣ እንግሊዝ ወይም ሰርቢያ ደርሰን እንምጣ ካላችሁ፣ በዚያ ቪዛ መመለሻ የላቸውም። 60ዋን ቀን ብቻ ቁጠሩ። ፓስፖርታቸው እጃቸው ላይ ይሁን፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ዋጋ የለውም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ጀምራለች። የጉዞ የጤና ኢንሹራንሳቸውም አይረሳ።

መንገዱ ወደ 2300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጎተንበርግ ማልመ 270 ገደማ። ከዚያ ወደ ዴንማርክ የሚያሻግረው ድልድይ፤ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ይከፈልበታል፣ መጨረሻው ላይ ባሕር ስር ይገባል። እናትሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የኔዋ አክስት መኪናው ውኃ ውስጥ የገባ መስሏት ጊዮርጊስን ጠርታለች። ዴንማርክን አቋርጣችሁ ከሬድቢ ወደ ጀርመኗ ፑትጋርደን በመርከብ 45 ደቂቃ። ወይም ከዚያው ከጎተንበርግ የማታውን መርከብ ይዛችሁ ተኝታችሁ ጀርመን፣ ኪል ትነቃላችሁ። ልጅና ሽማግሌ ለያዘ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።

ጀርመን ለቤት መኪና የመንገድ ክፍያ የለም። ሀምቡርግ፣ ካሰል፣ ቩርስቡርግ፣ ኑረምበርግ፣ ሙኒክ። በቀኝ ንዱ። በግራ የሚመጣው ሰውዬ መስታወት ውስጥ ነጥብ የነበረ፣ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ኋላሽ ላይ ነው። መኪና ተሰልፎ ሲቆም የግራዎቹ ወደ ግራ፣ የቀሩት ወደ ቀኝ ጠጋ ብለው መሃሉን ለአምቡላንስ ይለቃሉ፤ ያላደረገ ቅጣቱ ከ200 ዩሮ ይጀምራል። ኦስትሪያ ሳትገቡ ቪኜት፣ የአውራ ጎዳና መጠቀሚያ ፈቃዱን፣ ግዙ። ወደ ጣልያን የሚያሻግረው የብሬነር መንገድ ደግሞ ከቪኜቱ ሌላ ለብቻው ይከፈላል፤ «ከፍለን የለም ወይ» ብላችሁ እንዳትጣሉ። ጣልያን አውቶስትራዳ፣ ፈጣኑ መንገድ፣ ስትገቡ ትኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ቴሌፓስ የሚል ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ውስጥ አትግቡ፤ የክፍያ መሣሪያውን መኪናው ላይ ለገጠመ ነው፤ እኔ ገብቼ ከኋላዬ ጣልያን ሁሉ ጥሩምባ ነፋብኝ።

ሦስተኛውን ማታ እመለስበታለሁ። ተሳፋሪ መጣ።

ከበርን፦
ለምን በኦስትሪያ? በኛ በኩል ኑ እንጂ። ቪኜታችን 40 ፍራንክ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። በጎታርድ 17 ኪሎ ሜትር ዋሻ ታልፋላችሁ፤ ልጆቹ ይወዱታል። የሐምሌ ቅዳሜ ብቻ አይሁን፤ ዋሻው አፍ ላይ ሰልፍ አለ። ቤቴ እደሩ፤ ዶሮ ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ። ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ ብትሆንም የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች ጉምሩክ አለ። ቅቤ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው በነፍስ ወከፍ 1 ኪሎ ነው፤ ሥጋም እንደዚያው። ምን ይዛችኋል?

የጎተንበርጓ፦
ዘጠኝ ኪሎ ቅቤ።

ከበርን፦
በሉ በኦስትሪያ ሂዱ።

የጎተንበርጓ፦
ሳቅኩ፤ እማዬም ሳቀች። ቅቤው የስዊድን ነው። ከአገር ቤት ቅቤ ማስገባት ስለማይቻል እማዬ የመጣችው ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ ይዛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሱፐርማርኬት ጨው የሌለውን ስታስመርጠኝ ሰነበተች። እሳቱን ዝቅ አድርጋ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና አረፋውን በማንኪያ ትገፋለች። የኮሰረቱ ሽታ የልጆቹ ጃኬት ውስጥ ገብቷል። ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት «ምንድን ነው የሚሸተው?» ተባለ። «አያቴ» ብሎ መለሰ።

ሮማዊቷ፦
ልጄ፣ እኔ ከመጣሁ 38 ዓመቴ ነው፤ አክስትሽን ሳላውቃት አልቀርም፤ ስሟን እዚህ አትጻፊ። ሁለት ነገር ስሚኝ።

እናትሽ የውጭ ዜጋ ናቸው። አክስትሽ ቤት ካረፉ፣ አክስትሽ በ48 ሰዓት ውስጥ እንግዳ መቀበሏን ማስመዝገብ አለባት። እናትሽም ከሌላ ሸንገን አገር ስለሚመጡ በ8 ቀን ውስጥ ፖሊስ ጋ መምጣታቸውን ያስታውቃሉ። ሆቴል ቢያርፉ ሆቴሉ ይጨርስላቸው ነበር። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። አትዝለሉት።

ሁለተኛ፣ መሃል ከተማ በመኪና እንዳትገቡ። ዜድ ቲ ኤል የሚል ምልክት፣ ፈቃድ የሌለው መኪና አይግባ ማለት ነው፣ ካለ ካሜራ አለ፤ ሮምም፣ ቦሎኛም፣ ፍሎረንስም። የዚያን ቀን ምንም አትሰሙም። ሁሉን ረስታችሁ ስትቀመጡ፣ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ደብዳቤው ጎተንበርግ ይመጣል። መኪናውን ከተማው ዳር አናኚና ጣቢያ አቁማችሁ በሜትሮ ግቡ። ቺርኮ ማሲሞ ስትወርዱ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ሕንጻ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። የአክሱም ሐውልት እስኪመለስ ድረስ ቆሞ የነበረው እዚያ ደጅ ነው። ሲነቅሉት ቆሜ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 2005 አገሩ ገባ። ከዚያ ወደ ኮሎሲየም ትንሽ በእግር ብትሉ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፤ አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰበት። እናትሽ እዚያ ጫማቸውን ላውልቅ ቢሉ አትከልክያቸው። የኔ እናት አውልቃለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልገባኝም። እኛ ከዲሲ አትላንታ አሥር ሰዓት ስንነዳ ወረቀት የሚጠይቀን የለም፤ እናንተ ለአንድ ጉዞ የአምስት አገር ሕግ ትቆጥራላችሁ። ደግሞስ መርከቡ፣ ቪኜቱ፣ ቤንዚኑ፣ ማደሪያው ሲደመር ስንት ነው? ብሩ በኛ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ገንዘብ አገር ቤት ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። የእናትየውን ጣራ ያድስ ነበር። አክስት ደግሞ እሷ አውሮፕላን ተሳፍራ መምጣት አትችልም?

የጎተንበርጓ፦
አክስቴ የምታስታምማቸው አሮጊት አልጋ ላይ ናቸው፤ ከሁለት ቀን በላይ ፈቃድ አታገኝም። ጽሑፍህን ለእማዬ አነበብኩላት። «ጣራዬ ደህና ነው በዪው፤ ሲያፈስ እነግራችኋለሁ» አለች።

ዝምተኛው፣ ሙኒክ፦
እኔ እዚህ ጽፌ አላውቅም። ስለ ሰባተኛው ወንበር ነው።

በፈረንጆቹ 2014 ከሊቢያ ላምፔዱዛ፣ ከዚያ ሮም ገባሁ። ከሮም በባቡር ወደ ጀርመን። ድንበሩ ሳይደርስ፣ ጣልያን ውስጥ ቦልዛኖ ላይ፣ ፖሊሶች አወረዱኝ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሸሚዝ ገዛሁ፣ ፂሜን ተላጨሁ፣ የማላነበውን የጣልያን ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፖሊሱ ጋዜጣውን አየና «የትናንት ነው» ብሎኝ ሳቀ። አወረደኝ።

ዛሬ ወረቀት አለኝ። አምና ልጆቼን ይዤ ያንኑ ብሬነርን በመኪና አለፍኩት። ልጄ ተራራውን ፎቶ ታነሳለች። የኔ እጅ መሪው ላይ በላብ ረጥቧል።

ያ ልጅ ሲሄድ ማንም ላያየው ይችላል። ችግሩ ሲመለስ ነው። ከኦስትሪያ ወደ ባየርን መግቢያ ላይ መኪና ወደ ዳር ያስወጣሉ። የመጠበቂያ ካርዱ የሚሠራው ጀርመን ውስጥ ብቻ ነው፤ የጉዞ ሰነድ አይደለም። ጉዳዩን ጥሎ ሄዷል ሊባልም ይችላል። ሁለት ዓመት የጠበቀውን።

ሮተርዳም፦
እኔ ደግሞ ሌላ ልበል። ፈረንጅ ሆናችኋል። ወንድም በወንድሙ ደጅ ባዶ ወንበር ይዞ ያልፋል? እኛን ሕግ ነው ያሻገረን? አንዱ ሌላውን ደብቆ፣ ኮቱን አልብሶ፣ ቲኬት ቆርጦ አይደል? አሁን ሁሉም ወረቀቱን ሲያገኝ ጠበቃ ሆነ።

ታክሲ ነጂው፣ ፍራንክፈርት፦
አንተ ሮተርዳም ሶፋህ ላይ ሆነህ ጀግና ነህ። መሪውን የሚይዘው ያንተ እጅ ቢሆን? ሹፌሩ የዚህች ልጅ ባል ነው። ያለ ወረቀት ሰው ማሻገር ወንጀል ነው፤ ገንዘብ አልተቀበልኩም ማለት ብቻውን አያድንም። ሦስት ልጆችና አንዲት የቪዛ እንግዳ በተቀመጡበት መኪና አባትየውን ለምርመራ ሲወስዱት ምን ትላለህ? ኮት አልብሰኸው ትሄዳለህ?

ሮተርዳም፦
የኔን ልብ አንተ አትለካውም። እናቴ ስትሞት የዚህ አገር ወረቀት ስላልነበረኝ አልቀበርኳትም። ስለ ወረቀት አትንገረኝ።

ታክሲ ነጂው፣ ፍራንክፈርት፦
እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። ይሄን አላወቅኩም። ግን አሁንም አይወሰድም።

ሮተርዳም፦
አይወሰድም ያልከው አንተ ነህ። ያ ልጅ ካምፕ ውስጥ ግድግዳ እያየ ነው።

ዝምተኛው፣ ሙኒክ፦
ሁለታችሁም ተዉ። እህቴ፣ ሙኒክ ሁለት ቀን እረፉ። ቤቴ ሰፊ አይደለም፤ ፍራሽ ግን አይጠፋም። ልጁ ባየርን ውስጥ ከሆነ እኔ ጋ ይምጣ። ከካምፑ ውጪ ለማደር ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አማካሪውን ቀድሞ ይጠይቅ። እናትሽ ቡና ያፍሉለት።

ሮማዊቷ፦
ተባረክ። ልጄ፣ ቅቤውን በፕላስቲክ አታድርጊው፤ በሐምሌ የሰሜን ጣልያን የፖ ሸለቆ ሙቀት መኪናው ውስጥ ያቀልጠዋል። ክዳኑ የሚጠብቅ ብርጭቆ ማሰሮ ይሁን። አፉ ላይ ጨርቅ እሰሪበት።

የጎተንበርጓ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኪል ድረስ የማታውን መርከብ ይዘናል፤ እማዬ አልጋ ያለው መርከብ መኖሩን ስትሰማ «ታዲያ ምን ያንገላታችሁኛል» አለች። ሙኒክ ሁለት ቀን እናድራለን። እማዬ ስለ ወንበሩ የምታውቀው ነገር የለም፤ የባለቤቴ ወንድም ሙኒክ እንደሚመጣ ብቻ ነግረናታል። ለሱ አንድ ኪሎ ለብቻው ለይታለታለች።

ባለቤቴ ግን ገና አልደወለለትም። ትናንት ሰባተኛውን ወንበር አጥፎ ማሰሮዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ለካ። ዛሬ ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ መልሶ ሲዘረጋው አየሁት።