የሰው አጽም ለእይታ ይቅረብ ወይስ ይቀበር?

ነገረኛው፦ እኔ ይቀበር ባይ ነኝ። ቻርለስ ባይርን የሚባል አየርላንዳዊ ነበር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31። ሐኪሞች አጽሙን እንዳሰፈሰፉበት ስለገባው ባሕር ውስጥ ቅበሩኝ ብሎ ተናዘዘ። በ1783 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለንደን ውስጥ ሲሞት ጆን ሀንተር የሚባለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሬሳውን እጁ አስገባ። በቃ፣ ለሁለት መቶ ዓመት ሰው ሲያየው ኖረ። ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ንጥቂያ?

የሌሊት ወፍ፦ በባይርን እስማማለሁ፣ ግፍ ነው። ግን አንድ ሰው ተበደለ ብለህ የዓለምን አጽም ሁሉ አፈር ልታለብስ ነው? ፖርቱጋል ውስጥ ኤቮራ ላይ ግድግዳው በሰው አጥንትና ራስ ቅል የተሠራ ጸሎት ቤት አለ። መግቢያው ላይ «እኛ እዚህ ያለን አጥንቶች የእናንተን እንጠብቃለን» ይላል። መነኮሳት ናቸው የሠሩት፣ ገቢው ሰው ሞቱን እንዲያስብ። በፕላስቲክ አጽም ይሄን ድንጋጤ አምጣ እስቲ።

ነገረኛው፦ ጸሎት ቤት ካልክማ የቼኩን ሴድሌትስ ልንገርህ። ቢያንስ የ40,000 ሰው አጥንት ነው ያለው። በ1870 አካባቢ ሪንት የሚባል እንጨት ቀራጭ ተቀጥሮ መብራት ማንጠልጠያ ሠራበት። የባለጸጋ ቤተሰብ አርማም ሠራበት፤ አርማው ላይ ከአጥንት የተገጣጠመ ቁራ የራስ ቅል ዓይን ሲጓጉጥ ይታያል። ሲጨርስ ስሙን ግድግዳው ላይ ጻፈ። በምን? በአጥንት! የሰው እጅና እግር ለፊርማ! ሞትን ማሰቡ የቱ ጋ ነው?

ዝምተኛው፦ ይቅርታ ልግባ። ሁለታችሁም አጽም ማለት ሞት ብቻ ነው ብላችሁ ነው የተነሳችሁት። ሕዝቅኤል 37 ላይ የደረቁት አጥንቶች እኮ እየተንኳኩ ተገጣጥመው፣ ሥጋ ለብሰው ነው የሚቆሙት። በአዝቴኮች፣ በጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች ተረትም ኬትሳልኮአትል የሚባል አምላክ ሙታን አገር ወርዶ አሮጌ አጥንት ሰርቆ ይወጣል፣ ደሙን ያፈስበታል፣ የሰው ልጅ ከዚያ ይፈጠራል። አጥንት ዘር ነው ማለት ነው። የሜክሲኮ የሙታን ቀንስ? አጽሙ ባርኔጣ አድርጎ ይስቃል፣ ይጨፍራል። ያን ባርኔጣ ያደረገች ሴት አጽም የሳለው ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ፖሳዳ የማንንም መቃብር አልቆፈረም፣ ሥዕል በቃው።

የሌሊት ወፍ፦ ሥዕል ይበቃል ካልክ ለምን ዮሴፍ አጥንቴን ከግብፅ ይዛችሁ ውጡ ብሎ አስማለ? ሙሴስ ለምን ተሸከመው? እውነተኛው አጥንት የሚናገረው ነገር ስላለ ነዋ።

ነገረኛው፦ ኧረ ወንድሜ፣ ለኔ መሰከርክልኝ! ዮሴፍ ጠይቆ ነው። ተሸክመው ወስደውም ቀበሩት፣ በመስታወት አላቆሙትም። የአባቶቻችን አጥንት ይፋረደናል የምንለው ለዚህ አይደል?

የሌሊት ወፍ፦ እሺ፣ ይቺን ወሰድክ። ግን ስሙም ኑዛዜውም የማይታወቀውስ? የፓሪስ ዋሻ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን ሰው በላይ ተደርድሯል፣ መቃብር ሞልቶ ሲገማ ነው ያወጧቸው። ማንን ልትጠይቅ ነው?

ነገረኛው፦ ያልተጠየቀ ሰው እሺ እንዳለ አይቆጠርማ።

ዝምተኛው፦ ባይርንስ አሁን የት ነው?

ነገረኛው፦ በ2023 አጽሙን ሲያሳይ የነበረው የለንደን ሙዚየም ታድሶ ሲከፈት ከእይታ ተነስቷል። ባሕር ግን አልገባም። ለምርምር ያስፈልገናል ብለው እዚያው አስቀምጠውታል።