የፒዲኤፍ ገጽን ጀርባ ስቀይር ቀዩ ጽሑፍ ሰማያዊ ሆነብኝ

ጥያቄ (ከጎንደር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዓታ አካባቢ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ ጸሎትና ዜማ ነክ ጽሑፎችን በኮምፒውተር እየጻፍሁ በፒዲኤፍ አዘጋጅላቸዋለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ የገጹ ንጣት እያስለቀሳቸው ከአንድ ገጽ በላይ መዝለቅ አልቻሉም። በማንበቢያው ፕሮግራም ቀለሙን ብገለብጠው ጀርባው ጥቁር፣ ጽሑፉ ነጭ ሆኖ ተስማማቸው፤ ነገር ግን እንደ ብራናው ወግ በቀይ የጻፍኋቸው የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስሞች ሁሉ ውኃ ሰማያዊ ሆኑ። የኔታም «ስሙ እንዲህ ተጽፎ አላነብም» ብለው ተዉት። እኔም እውነት አላቸው እላለሁ፤ ቀዩ ለስሙ ክብር የተሰጠ እንጂ ለጌጥ የገባ አይደለም። ጀርባው ዓይን ሳይወጋ ቀዩ ቀይ ሆኖ የሚቆይበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ የተበላሸ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። በኮምፒውተር እያንዳንዱ ቀለም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በሚያሳዩ ከ0 እስከ 255 ባሉ ሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፤ መገልበጥ ማለት እያንዳንዱን ቁጥር ከ255 መቀነስ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ነጭ ሲሆን 255፣ 0፣ 0 የነበረው ቀይ 0፣ 255፣ 255 ይሆናል፤ ያዩት ሰማያዊ ይኸው ነው።

መፍትሔው የሚገኘው ከፒዲኤፍ ጠባይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የፊደሉ ቀለም ብቻ ነው፤ ነጩን «ወረቀት» አስቀድሞ አንጥፎ ፊደሉን በላዩ የሚያሳርፈው ማንበቢያው ራሱ ነው። እንግዲያውስ ፊደሉን ሳይነኩ የወረቀቱን ቀለም ብቻ መለወጥ ይቻላል። ኦኩላር በሚባለው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ማስተካከያ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» በሚለው ክፍል ቀለም መገልበጥ፣ የወረቀቱን ቀለም መለወጥ፣ ጨለማውንና ብርሃኑን በሌላ ቀለም መተካት የሚሉ የተለያዩ ምርጫዎች አሉ፤ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛውን አይምረጡ፤ ቀዩንም ጥቁሩንም ወደ አንድ የቀለም መሰላል ስለሚያወርዳቸው ልዩነታቸው ይጠፋል።

እኔ የማምንበት ደግሞ ጥቁር ጀርባ ጨርሶ እንደማያስፈልግዎ ነው። 250፣ 240፣ 215 ብለው ቢሞክሩት ወረቀቱ ብራና መሳይ ይሆናል፤ ጥቁሩም ቀዩም እንዳሉ ይቀመጣሉ።

መልስ 2፦
ኦኩላር ለሌላቸው፦ ሱማትራ ፒዲኤፍ በሚባለው ማንበቢያ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ የጽሑፉና የጀርባው ቀለም በተከታታይ መስመር ተጽፈው ይገኛሉ፤ የጽሑፉን #000000 (ጥቁር ማለት ነው) እንዳለ ትቶ የጀርባውን ብቻ መቀየር ይበቃል። በአክሮባት ሪደር ደግሞ «ሪፕሌስ ዶክዩመንት ከለርስ» በሚለው ሥር ጥቁሩን ጽሑፍ ብቻ እንዲለውጥ የሚያዝ ምልክት ማድረጊያ አለ። የኔታ ጥቁር ጀርባን የግድ ካሉ ይህን ይሞክሩላቸው፤ ሆኖም ከጽሑፉ ሥር ፈዛዛ ሣጥን የተሳለበት ገጽ ካለ የነጣው ፊደል በሣጥኑ ውስጥ ሰጥሞ እንዳይቀር ይመልከቱ።

መልስ 3፦
ጽሑፉን የሚያዘጋጁት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ከምንጩም የሚስተካከል ነገር አለ። ሙሉው ቀይ በነጭ ላይ ያለው የንጽጽር መጠን (ፊደሉ ከጀርባው በብርሃን የሚለይበት ልክ) 4 ለ1 ገደማ ሲሆን፣ ለተራ ጽሑፍ በድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሚጠየቀው ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። በብራና መሳዩ ወረቀት ላይ ደግሞ ከዚያም ወርዶ 3.5 ገደማ ይደርሳል፤ ለደከመ ዓይን ይህ አይበቃም። በዎርድ መደበኛ ቀለሞች ውስጥ የሚገኘውን ጥቁር ቀይ፣ ማለትም 192፣ 0፣ 0ን ቢጠቀሙ በዚያው ወረቀት ላይ ከ5.5 በላይ ያገኛሉ፤ መልኩም ከሙሉው ቀይ ይልቅ ለብራናው የሚቀርብ ይመስለኛል።

ጽሑፉን በኢፐብ (በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል) ወይም በድረ ገጽ መልክ ካወጡትም የጀርባውን ቀለም ብቻ ወስነው የፊደሉን ለማንበቢያው አይተዉ። የአንባቢው ነባሪ የፊደል ቀለም ነጭ ቢሆን፣ እርስዎም ጀርባውን ነጭ ብለው ቢያስሩት፣ ገጹ ባዶ መስሎ ይቀርባል። ወይ ሁለቱንም ይወስኑ፣ ወይ ሁለቱንም ይተዉ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኦኩላር ወረቀቱን ብቻ ቀየርሁ፤ ቀዩንም 192 አደረግሁት። የኔታ ዛሬ ጠዋት አራት ገጽ አነበቡ። በስካን የተነሡት ገጾች ግን ምንም አልተለወጡም።

መልስ 1፦
ስካን የተደረገ ገጽ ሙሉ በሙሉ ሥዕል ስለሆነ ንጣቱ የማንበቢያው ወረቀት ሳይሆን የሥዕሉ አካል ነው፤ አዲሱ ወረቀት ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። የብራና ፎቶግራፍ ከሆነ እንዳለ ይተዉት፤ የቆዳው መልክ ራሱ ዓይን አይወጋም። የነጭ ወረቀት ቅጂ ከሆነ ግን የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው፣ የማታ ብርሃን የሚባለውን ማስተካከያ ያብሩላቸው፤ ንጣቱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ ይቆያል።