አስቸኳይ! ፉቱራማ ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም። ሰው 1 ሰዓት ላይ ይመጣብኛል

የኮዬ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ፉቱራማ የሚባለውን የአሜሪካ ካርቱን አዲሱን ምዕራፍ በፍላሽ አስጭኜ አሁን ቤት ገባሁ። ቲቪው ላይ ስሰካው ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ድምፅ ግን ጭራሽ የለም። ፍራይ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ዝም። ሮቦቱ ቤንደር አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ዝም። ጓደኞቼ ከጀሞና ከለገጣፎ ታክሲ እየቀያየሩ ኮዬ ፈጬ ድረስ እየመጡ ነው። እህቴ ፈንዲሻ ጀምራለች። አሁን 11፡40 ነው። ሌላው ደግሞ፣ የጫነልኝ ልጅ «ምዕራፍ 13 ነው» ብሎኝ ነበር፣ ፋይሉ ላይ ግን ምዕራፍ 10 ይላል። ተሸወድኩ እንዴ? የምታውቁ ቶሎ በሉ በናታችሁ።

ፈጣን መልስ፦
ፍላሹን ፎርማት አድርገው።

የኮዬ ልጅ፦
ፎርማት ካደረግኩት ፊልሙስ?

ፈጣን መልስ፦
እሱን አላሰብኩትም።

ሰብለ ዘአያት፦
ወንድሜ፣ ድምፁ ራሱ ተዘግቶ እንዳይሆን? አትሳቅብኝ። ልጄ ሪሞቱ ላይ ድምፅ ማጥፊያውን ተጭኖት ሁለት ቀን ሙሉ የቲቪ ጠጋኝ ሳፈላልግ ነበር። ሰውየው መጥቶ አንድ ቁልፍ ተጫነና ሂሳቡን ተቀብሎኝ ሄደ።

የኮዬ ልጅ፦
አይ እህቴ፣ ዜናው ይሰማል። እዚሁ ፍላሽ ላይ ያሉት ዘፈኖችም ይሰማሉ። ይሄ ብቻ ነው እምቢ ያለው። ሲጀምር ታች ጥግ ላይ የሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል።

ጋሽ ሽቦ፦
ምን የሚል ጽሑፍ? ሐኪም ቤት ሄዶ የታመመበትን ቦታ የሚደብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። መልሰህ ክፈተውና አንብበው።

የኮዬ ልጅ፦
ይቅርታ ጋሼ። «ኦዲዮ ኖት ሰፖርትድ» ይላል።

የድሮው ይሻላል፦
እኔን ከጠየቅከኝ ቲቪህ ጨዋ ነው። በፈረንጅ ከ2003 በኋላ የተሠራ ፉቱራማ ድምፅ ባይኖረውም ምንም አይቀርብህም። የፍራይን ውሻ፣ የሲሞርን ክፍል ያየ ሰው አዲሱን ምን ያደርግለታል?

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
ጀመረ ደግሞ ይሄ ሰውዬ።

ጋሽ ሽቦ፦
ልጄ፣ ስማኝ። ቲቪህ አልተበላሸም፣ ፍላሽህም ጤነኛ ነው። የቪዲዮ ፋይል ማለት አገልግል ነው። ከላይ ስታየው አንድ ዕቃ ነው፣ ስትከፍተው ግን እንጀራው ለብቻ፣ ወጡ ለብቻ ነው። ምስሉ በአንድ ዘዴ ተጨምቆ ይቀመጣል፣ ድምፁ በሌላ። ቲቪህ የምስሉን ዘዴ ያውቀዋል፣ የድምፁን አያውቀውም። አሁን ከኢንተርኔት የሚወርዱት አብዛኞቹ ተከታታዮች ድምፃቸው ዶልቢ በሚባል ዘዴ የተጨመቀ ነው። ዶልቢ ደግሞ ነፃ አይደለም፣ ቲቪ ሠሪው የፈቃድ ክፍያ ይከፍልበታል። ርካሽ ቲቪ የሚሠሩት ያንን ክፍያ ይቀንሱና ዶልቢ የማይፈታ ቲቪ ይሸጡልሃል። አንተ ሱቅ ውስጥ የስክሪኑን ስፋት ስትለካ ይሄ አይታይህም። ዘፈኖችህ የሚሰሙት ኤምፒ3 ስለሆኑ ነው፣ እሱን የማያነብ ቲቪ ብዙም የለም። እኛ በካሴት ዘመን ሬዲዮ ስንገዛ ፈትተን ውስጡን አይተን ነበር። ያሁን ልጆች ግን...

የኮዬ ልጅ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ምን ላድርግ?

ጋሽ ሽቦ፦
እየደረስኩበት ነበር እኮ።

ፈጣን መልስ፦
ቲቪውን ከሶኬት ነቅለህ አምስት ደቂቃ ቆይና መልሰህ ሰካው።

ሕግ አዋቂው፦
የድምፁን ነገር አላውቅም። ነገር ግን በፍላሽ አስጭኖ ማየት በራሱ ትክክል ነው ወይ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ነገር አለ። አንድም ሰው እዚህ አላነሳውም።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
ተነሳ፣ አሁን ተቀመጥ። ቀልዴን ነው፣ ነጥብህ ልክ ነው። ግን ፉቱራማን የሚያወጣው «ሁሉ» (Hulu) የሚባለው የኢንተርኔት ቲቪ አገልግሎት እዚህ አገር አይሠራም። እኔ ልክፈል ብዬ ሞክሬያለሁ። ብሬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ የሚከፍትልኝ የለም።

ሕግ አዋቂው፦
በሩ ስላልተከፈተልህ በመስኮት ትገባለህ?

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
የፉቱራማው ዞይድበርግ ነኝ እኮ። ደሃ ሸርጣን በመስኮት ካልሆነ በምን ይገባል?

ሰብለ ዘአያት፦
ኧረ ልጁ ሰው እየመጣበት ነው! ወንድሜ፣ ላፕቶፕ አለህ? ካለህ ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ጫንበትና በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር አገናኘው። ቪኤልሲ ዶልቢውን ራሱ ፈትቶ ነው ለቲቪው የሚሰጠው። አለቀ።

የኮዬ ልጅ፦
ላፕቶፕ የለኝም። የመሥሪያ ቤት ነበር፣ መልሻለሁ። ስልክ ብቻ ነው ያለኝ።

የድሮው ይሻላል፦
ስለ ምዕራፉ ማንም አልመለሰለትም። 13 ብሎ 10 ከሰጠህ ሸውዶሃል። ሂድና ገንዘብህን ተቀበል።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
ውሸት! ተው፣ ልጁን ከሰው አታጣላው። ሁለቱም አንድ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፉቱራማ ፎክስ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ላይ በፈረንጅ ከ1999 እስከ 2003 ታየና ተቋረጠ። ከዚያ አራት ረጃጅም ፊልሞች በዲቪዲ ወጡ። ከ2010 እስከ 2013 በሌላ ጣቢያ፣ ኮሜዲ ሴንትራል ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ተቋረጠ። በ2023 «ሁሉ» ላይ ተነሳ። በዚህ ሁሉ መሞትና መነሳት መሀል ቆጠራው ተምታታ። ሠሪዎቹ በሚቆጥሩት የ2023ቱ ምዕራፍ 8 ነው፣ «ሁሉ» ግን 11 ብሎ ለጠፈበት። እዚያ ላይ የሦስት ልዩነት መጣ። የ2024ቱ 9ም 12ም ነው። የ2025ቱም 10ም 13ም ነው። ልጁ ትክክለኛውን ነው የጫነልህ። ዐሥር ክፍል አለው?

የኮዬ ልጅ፦
አዎ ዐሥር ነው።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
በቃ እሱ ነው። ዐሥሩንም በአንድ ቀን ነው የለቀቁት፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 2018። በፊት በሳምንት አንድ አንድ እያሉ ያስጠብቁን ነበር።

የድሮው ይሻላል፦
ቁጥሩን ተቀብያለሁ። ጣዕሙን ግን አልቀበልም። አዲሱ ውስጥ ልብ የሚነካ አንድ ክፍል ጥራልኝ።

ሰብለ ዘአያት፦
እኔ ልጥራልህ። በ2003 የኤሚ ፍቅረኛ የኪፍ ልጆች ረግረጉ ውስጥ ሲገቡ ከ20 ዓመት በኋላ ይወጣሉ ተባለ። ያኔ ቀልድ መስሎን ሳቅን። በ2023 በተሠራው ላይ ልጆቹ እግር አውጥተው ተመለሱ። ልክ 20 ዓመት! ኤሚ እናት ስትሆን እኔም እናት ሆኜ ነበር። ሲሞር ፒዛ ቤቱ በር ላይ 12 ዓመት መጠበቁ ያስለቀሰህ ሰው፣ እኛ ተመልካቾቹ 20 ዓመት መጠበቃችን እንዴት አይነካህም?

የድሮው ይሻላል፦
...እሺ እሷን አየኋት። ጥሩ ነች። አንዷ ብቻ።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
የ20 ዓመት ቀጠሮ አክብሮ የሚመጣ ቤተሰብ! እኛ ጋ የ1 ሰዓት ቀጠሮ ለ2 ሩብ ጉዳይ ነው። የኮዬ ልጅ፣ ተረጋጋ፣ ጓደኞችህ ገና ልብስ እየቀየሩ ነው።

የኮዬ ልጅ፦
አንደኛው ቱሉ ዲምቱ ደርሻለሁ ብሏል።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
«ደርሻለሁ» ያለ ሰው ገና መገናኛ ሰልፍ ላይ ነው።

ጋሽ ሽቦ፦
አሁን መድኃኒቱን ልንገርህ። አንደኛ፣ ፊልሙ እየሄደ ሪሞቱ ላይ የድምፅ ምርጫውን ክፈተው። አንዳንድ ፋይል ሁለት ድምፅ ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛው ሊሠራልህ ይችላል። ካልሆነ ኮምፒውተር ያለው ሰው ፈልግና አቪዲመክስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ክፈተው። ምስሉን «ኮፒ» በለው፣ ድምፁን «ኤኤሲ» በለው፣ አስቀምጥ። ምስሉን ስለማይነካው ለአንድ ክፍል ደቂቃዎች ቢፈጅብህ ነው። ምስሉንም አብሮ ልቀይር ካልክ ግን ሌሊቱን ሙሉ ታድራለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የኮዬ ልጅ፦
ሁለተኛ ድምፅ የለውም፣ አየሁት። ኮምፒውተር ያለው ጎረቤት ደግሞ አላውቅም። ከገባሁ ገና አራት ወሬ ነው።

ጭልፊት77፦
አራት ወሬ? ወይስ አራት ወር?

የኮዬ ልጅ፦
አራት ወር! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የሂሳብ መምህር፦
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2010 በወጣ አንድ ክፍል ፕሮፌሰሩና ኤሚ አእምሮ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ሁሉም ይቀያየራል፣ ማንም ወደ ራሱ አካል መመለስ ያቅተዋል። ጸሐፊው ኬን ኪለር በሂሳብ ዶክትሬት ያለው ሰው ነው፣ ለዚያች ክፍል ብሎ እውነተኛ ማረጋገጫ ሠራ። የፈለገ ያህል ሰው ቢቀያየር፣ ያልተቀያየሩ ሁለት ሰዎች ከተጨመሩ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያንተም ችግር ያው ነው። ሁለት ተጨማሪ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።

ፈጣን መልስ፦
ይሄ ከድምፅ ጋር ምን አገናኘው?

የሂሳብ መምህር፦
አንዱ ሪሞት ይይዛል፣ ሌላው ስልክ። ፋይሉን ስልኩ ላይ ገልብጡት፣ ቪኤልሲ ጫኑበት፣ ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኙት። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ ቲቪውንም ስልኩንም እኩል ማስነሳት ነው። ምስል ከቲቪ፣ ድምፅ ከስፒከር። ትንሽ ከተዛነፈ ቪኤልሲ ላይ ወደፊት ወደኋላ ማድረግ ይቻላል። በብሉቱዝ ከሆነ ድምፁ ትንሽ ይዘገያል፣ ስለዚህ ባለ ገመድ ብታገኝ ይሻላል።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
ቀልድ መስሎኝ ነበር እኮ። ይሄ ይሠራል!

ሰብለ ዘአያት፦
በነገራችን ላይ ቤንደርም ያለ ድምፅ ሊቀር ነበር። በ2022 ፉቱራማ ይመለሳል ተብሎ ሲነገር የቤንደር ድምፅ የሆነው ጆን ዲማጂዮ አልፈረመም ነበር። አድናቂው ሁሉ ተንጫጫ። ትንሽ ቆይቶ ፈረመ።

የድሮው ይሻላል፦
ቢሊ ዌስት ብቻውን ፍራይንም፣ ፕሮፌሰሩንም፣ ዞይድበርግንም ይሠራል። ቤንደርንም ጨምሩለት ቢሉት አይከብደውም ነበር።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
አይሆንም! ቤንደር ያለ ዲማጂዮ ቆርቆሮ ነው።

ጭልፊት77፦
አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከርዕሱ ውጪ ነው። ፍራይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወድቆ የቀዘቀዘው በፈረንጅ 1999 አልቆ 2000 ሲገባ አይደል? በእኛ ታኅሣሥ 1992 መሆኑ ነው። የእኛ ሚሌኒየም ገና ከሰባት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ከሺህ ዓመት በኋላ ሲነቃም በእኛ 2992 ነው። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ቢነቃ 3000ን ለማክበር እንደገና ይጠብቃል ማለት ነው።

የሂሳብ መምህር፦
ሂሳቡ ልክ ነው። ሌላው ጥሩ ነገር፣ ፒዛ ለማድረስ ሄዶ የቀዘቀዘው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ በእኛ 6 ሰዓት ነው። 12 ብሎ የሚጽፍ እንዳይኖር።

ጋሽ ሽቦ፦
ልጄ፣ ሪሲቨር አለህ? የዲሽ ሪሲቨር? የእኔ ሪሲቨር የፍላሽ መሰኪያ አለው፣ ቲቪዬ እምቢ ያለውን እሱ ያጫውትልኛል። ይሄን መጀመሪያ ልነግርህ ይገባ ነበር።

የኮዬ ልጅ፦
ሪሲቨር አለ! ቆዩ ልሞክር።

ሰብለ ዘአያት፦
ከተሳካልህ ከ2024ቱም «ፕላኔት ኤስፕሬሶ» የምትለዋን ፈልገህ ጨምርላቸው። ስለ ቡና ናት። ታሪኩን አልነግርህም። ጀበናው ተጥዶ እያየሃት ቢሆን ነው የምመክርህ፣ የቡና አገር ሰው ሆነህ የምትከራከርበት ነገር አታጣም።

የድሮው ይሻላል፦
ቡና ላይ ያላግጣሉ?

ሰብለ ዘአያት፦
እየውና ንገረኝ። ሳታይ ነው እኮ ሁሉን የምትጠላው።

የኮዬ ልጅ፦
ጋሽ ሽቦ! ሪሲቨሩ ምስሉን ጀመረ፣ ድምፅም... መብራት ጠፋ።

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
ምን?

የኮዬ ልጅ፦
መብራት ጠፋ። ብሎኩ ሙሉ ጨለማ ነው። ግን ከመጥፋቱ በፊት ፕሮፌሰሩ «ጉድ ኒውስ ኤቭሪዋን» ሲል ሰማሁ መሰለኝ። ወይ እህቴ ናት ያለችው።

ጋሽ ሽቦ፦
ሲመጣ ወዲያው አትሰካው። ትንሽ ይረጋጋ፣ ከፍ ብሎ መጥቶ ያቃጥልብሃል።

ጭልፊት77፦
የኮዬ ልጅ፣ ብሎክህ ስንት ነው? እኛም አሁን ጠፋብን። እኔም ኮዬ ነኝ። ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕና ባለ ገመድ ስፒከር አለኝ።

የኮዬ ልጅ፦
ኧረ በናትህ! ከታክሲ መውረጃው ፊት ለፊት ያለው ነው፣ ሱቁ ያለበት። አራተኛ ፎቅ። ስልኬ 9 ፐርሰንት ላይ ነው።

ጭልፊት77፦
የእኔም እኮ ያው ብሎክ ነው። እየወጣሁ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ሁለት ልጆች በስልክ መብራት የቤት ቁጥር እየፈለጉ ነው፣ ያንተ እንግዶች ናቸው?

የቡራዩ ዞይድበርግ፦
በሰዓቱ መጡ እንዴ?!

ሰብለ ዘአያት፦
እንዴት ሆናችሁ? ታየ?

ሰብለ ዘአያት፦
የኮዬ ልጅ?

ፈጣን መልስ፦
አሁንም ካልሠራ ፍላሹን ፎርማት አድርገው።